የውሻው የምግብ ሙከራ ለምን ከሸፈ

ዓመቱን ሙሉ መዳፉን የሚልስ፣ ጆሮው እየቆሰለ የሚመላለስ የአራት ዓመት ጀርመን ሼፐርድ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ይታከም ነበር። የቁንጫ መድኃኒት ወስዷል፤ ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይም እከክ አልተገኘበትም። ቀጥሎ የሚጣራው ምግብ ነው። የደም ምርመራ ለምግብ አለርጂ አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ውሻው በልቶት የማያውቀውን ብቻ ለ8 ሳምንት መመገብ ግድ ይላል። የተቀቀለ ቆሮሶ ዓሣና ድንች ተመረጠለት፤ ጨው የለ፣ ዘይት የለ፣ ሽንኩርት የለ። (ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የወጥ ትራፊ ለጤነኛውም አይሰጥ።) ካልሲየም ስለሚያንሰው ይህ ምግብ ለቡችላ አይሆንም። ማሳከኩን ለማስታገስ ፕሬድኒሶሎን በቀን በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ተጀምሮ፣ ውጤቱን እንዳይሸፍን ቀስ በቀስ ተቋረጠ።

አምስተኛው ሳምንት ላይም መዳፉ እርጥብና ቀይ ነበር። የምግብ አለርጂ ካለባቸው ውሾች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እስከዚያ ድረስ ስለሚሻላቸው፣ ሐኪሙ «ምግብ አይደለም» ሊል ተቃርቦ ነበር። ረዳቷ ግን ጥያቄውን ቀየረችው፦ «እትዬ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አፉ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ይንገሩኝ።»

«ምግቡማ እንዳላችሁኝ ነው። የጆሮውን ክኒን ግን በሥጋ ካልጠቀለልኩለት አይውጥልኝም።»

ዘበኛውም ማታ ማታ አጥንት ይወረውርለት ነበር። የቁንጫ መድኃኒቱ ራሱ የሥጋ ጣዕም ያለው የሚታኘክ ክኒን ነው፤ ይህን ያዘዘው ደግሞ ክሊኒኩ ነው። መመሪያው ስለ ሳህኑ ብቻ ተናግሮ፣ ከሳህኑ ውጭ ያለውን ረስቶታል። አለርጂ ላለበት ውሻ ጥፍር የምታህል ሥጋም ሙከራውን ታበላሻለች።

ሙከራው ከአንድ ተጀመረ። ክኒኑ በተፈጨ ድንች ተለወሰ፣ የቁንጫው መድኃኒት ማጅራት ላይ በሚንጠባጠብ ተተካ፣ ዘበኛውም ክሊኒክ ተጠርቶ ምክንያቱ ተነገረው። በስድስተኛው ሳምንት መላሱ ቀነሰ፤ በስምንተኛው ቆዳው ደረቀ።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። መሻሻሉ ከወቅቱ ወይም ከቁንጫ መድኃኒቱ የመጣ ሊሆን ስለሚችል የበሬ ሥጋ ለብቻው ተመልሶ ተሰጠው፤ በአራተኛው ቀን ማሳከኩ አገረሸ። እስከ 14 ቀን ባያገረሽ ኖሮ ተረኛው የሚፈተን ወተት፣ ከዚያ ዶሮ፣ ከዚያ ስንዴ ነበር፤ ሁሌም አንድ በአንድ።