ለአሮጌ የጭቃ ቤት የውጭ ቀለም ስንመርጥ

በአዲስ አበባ የቆየ የጭቃ ቤት ለማደስ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው የቀለሙ መልክ ሳይሆን የቀለሙ ዓይነት ነው ብዬ አምናለሁ። ከጭድ ጋር ተቦክቶ በእንጨትና በማገር ላይ የተመረገ ጭቃ በክረምት እርጥበት ይስባል፤ በበጋ መልሶ ያስወጣል። በላዩ የፕላስቲክ ወይም የዘይት ቀለም ሲቀባ ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ከሥሩ ያለውን ምርጊትም ይዞት ይወርዳል፤ ይህን ጉዳት በቆዩ ሰፈሮች ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ኖራ በየጥቂት ዓመቱ መደገም ቢያስፈልገውም ግድግዳውን ስለማያፍን ለእነዚህ ቤቶች እጅግ የተሻለ ነው። የድሮው የፕላስቲክ ቅብ ሳይፋቅ በላዩ ቢቀባ ግን አይይዝም።

ኖራ ከተመረጠ የመልኩ ምርጫም ይጠባል፤ ምክንያቱም የኖራን ኃይለኛ አልካሊነትና የዚህን ከፍታ ብርቱ ፀሐይ አብልጠው የሚቋቋሙት ቢጫ፣ ቀይና ቡናማ የአፈር ቀለማት ናቸው። እኔ ለግድግዳው ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ለእንጨቱ በርና መስኮት ጥቁር አረንጓዴ እመርጣለሁ፤ ሁለቱም ከዛገ የቆርቆሮ ጣሪያ ጋር ይስማማሉ፣ ጣሪያው ደግሞ በምርጫው ጊዜ ብዙዎች የሚረሱት ነገር ነው። የዝናብ ጭቃ የሚረጭበት ዞኮሎ፣ ማለትም የግድግዳው የታችኛው ክፍል፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ቢሆን ይመረጣል።

ኖራ ሲደርቅ ስለሚነጣ፣ ናሙናውን በግድግዳው ላይ ሰፋ አድርጎ ቀብቶ ከደረቀ በኋላ ጠዋትና ከሰዓት ማየት ያስፈልጋል። ሥራው ዝናቡ አባርቶ ግድግዳው ከጠፈፈ በኋላ፣ በጥቅምት ገደማ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያርፍበት ሰዓት ቢጀመር መልካም ነው።