የአባቴ ሰዓት

ቅዳሜ ማታ፣ ኅዳር 2018

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ደንቢያ ስላለው የትውልድ ቀያቸው ይጽፋሉ። ድሮ በደብተር ነበር፤ አሁን በላፕቶፕ ሆኗል። ላፕቶፑ አሮጌ ነው። ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩም የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት። ጥቅምት 4 የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ አበቃ። 11ዱን ደግሞ ይሄ ማሽን አይቀበለውም። አዲስ መግዛት አሁን አይታሰብም። ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ልጭንላቸው ወሰንኩ።

ሥራው የበዛው ከመጫኑ ይልቅ ከምርጫው ላይ ነው። ሊኑክስ ውስጡ አንድ ሆኖ ፊቱን አንተ ነህ የምትመርጥለት። መስኮቶቹ፣ ታች ያለችው ባር፣ ሜኑው፣ ፋይል መክፈቻው፣ ሁሉም «ዴስክቶፕ ኢንቫይሮመንት» ከሚባለው ይመጣሉ። እሱ ደግሞ ብዙ ነው።

ከእነዚህ መጀመሪያ የሞከርኩት ኖም (GNOME) የሚባለውን ነው። ምክንያት ነበረኝ፤ የአማርኛ ኪቦርድ ከሴቲንጉ ውስጥ በጥቂት ክሊክ ይገባል። ለአባቴ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም ብዬ አሰብኩ። እርሳቸው ግን ጠረጴዛቸው ላይ ያኖሩትን ነገር እዚያው ማግኘት የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ኖም እንደመጣ ከተውከው ዴስክቶፑ ላይ ፋይል አያስቀምጥም። መስኮት ዝቅ የምታደርገዋ ምልክትም የለችም።

«ያቺ ሰረዝ የት ሄደች፣ ልጄ?» አሉኝ።

ማሽኑም ከበደው። ፋይል በከፈቱ ቁጥር ሲጠብቁ ማየት አስጨነቀኝ።

እኔ ራሴ የምጠቀመው ኬዲኢ ፕላዝማ (KDE Plasma) የሚባለውን ሌላ ዴስክቶፕ ነው። በጣም እወደዋለሁ። የማይስተካከል ነገር የለውም። (ኬዲኢ ይፋ የሆነውም ጥቅምት 4 ቀን ነው፤ በ1989 ዓ.ም.። ኖም የተጀመረው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው፤ ኬዲኢ የተሠራበት ኪውቲ የሚባለው የፕሮግራም መሥሪያ ያኔ ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ ነፃ ስላልነበረ።) እጄ ወደ እሱ ሄዶ ነበር። ግን የምመርጠው ለእኔ አይደለም። እኔን ደስ የሚያሰኘኝ የአማራጭ ብዛት እርሳቸውን መንገድ ያስታል። ተውኩት።

ሦስተኛው ኤክስኤፍሲኢ (Xfce) ሆነ። ፒያሳ ጓደኛዬ ቢሮ ሄጄ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ከነእሱ አወረድኩና በፍላሽ ይዤ መጣሁ። ልክ እንደተከፈተ የያዘው ራም ኖም ከያዘው ግማሽ ገደማ ነው። ሰረዟ አለች። ፋይሎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የአማርኛው ኪቦርድ ግን አንድ ምሽት ሙሉ ወሰደብኝ፤ አይባስ (IBus) የሚባለውን የኪቦርድ ቋንቋ መቀየሪያ ፕሮግራም ለብቻ መጫንና ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ማድረግ ነበረብኝ።

ጨረስኩ ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት አባቴ ከሥላሴ ኪዳን አድርሰው መጡና ስክሪኑን አዩ። ጥጉ ላይ 9 ሰዓት ይላል።

«ምነው፣ ገና 3 ሰዓት አይደል እንዴ?» አሉ።

ዊንዶውሱም እንዲያው ነበር የሚለው። ስንት ዓመት 6 ሰዓት እየቀነሱ ሲያነቡ ኖረዋል፤ እኔ አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም። ይሄ ልቤን ነካው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የኤክስኤፍሲኢ ሰዓት ከሲስተሙ ተለይቶ የራሱ የሰዓት ክልል ሊሰጠው ይችላል። (የኬዲኢውም ይችላል።) እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን። 3 ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀር ሀገር ካገኘሁ ልዩነቱ ልክ 6 ነው። ቦነስ አይረስ! አርጀንቲና ሰዓቷን በክረምትና በበጋ አትቀያይርም። ሲስተሙን በአዲስ አበባ ተውኩት፤ የፋይሎቹ ሰዓት እንዳይዛባ። የባሯን ሰዓት ብቻ ቦነስ አይረስ አልኩት፤ በ12 ሰዓት አቆጣጠር። 3:20 አለ። ቀኑንም አብሬ አወጣሁላቸው። በዚህ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ሲነጋ፣ 12 ሰዓት ላይ ነው። አባቴም ቀን የሚቆጥሩት እንደዚያ ነው።

«አባዬ፣ አሁንስ ይዩት» አልኳቸው።

የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ስክሪኑን አዩ። መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ጽሑፋቸው ገቡ። እስከ ምሳ አልተነሱም።

ማታ ቡና ላይ ነው የጠየቁኝ።

«ወሩንስ ኅዳር ልታደርጊው ትችያለሽ?»

ነገ ከቅዳሴ መልስ እሞክረዋለሁ።