በግድ የተጫነው ፓኬጅ

ነገሩ የሆነው ሐዋሳ፣ ድረ ገጽ በሚሠራ አንድ ቢሮ ነው። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የተነሱት ፎቶዎች እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት ገደማ ስለነበሩ ገጹ በስልክ ዳታ አልከፈት አለ። ስለዚህ ሞዝጄፔግን ዴቢያን 12 የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት ለሚጠቀሙት የቢሮው ኮምፒውተሮች በፓኬጅ (ፕሮግራም ከነፋይሎቹ ተጠቅልሎ በሚጫንበት ጥቅል) ማዘጋጀት ተጀመረ። ሞዝጄፔግ ሞዚላ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው፣ ከሊብጄፔግ-ተርቦ (ዴቢያን ለጄፔግ ፎቶ ከሚጠቀምበት ሶፍትዌር) የወጣ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ጄፔግ ፋይልን ጥራቱ ብዙ ሳይጎዳ ያሳንሳል።

ሞዝጄፔግ እንደወረደ ኮምፓይል ቢደረግ (ከምንጭ ኮዱ ቢሠራ) የሚገባው ለብቻው በሆነ ማህደር፣ /ኦፕት/ሞዝጄፔግ ውስጥ ነው፤ ማንንም አይነካም። የዴቢያን ፓኬጅ ማዘጋጃው ዴብሄልፐር ግን ግንባታውን የሚመራውን ሲሜክን ሲጠራ መድረሻውን ማንም ሳያዘው የሥርዓቱ ፕሮግራሞች ወዳሉበት ወደ /ዩኤስአር ያዞረዋል። ፓኬጁ ሲጫን የዴቢያን ፓኬጅ ጫኚው ዲፒኬጂ «/ዩኤስአር/ቢን/ሲጄፔግ የሌላ ፓኬጅ ፋይል ነው» ብሎ ቆመ። እዚህ ላይ ሥራው መቆም ነበረበት። የሌላውን ፋይል በግድ በሚተካው --ፎርስ-ኦቨርራይት ትእዛዝ ታለፈ።

አብሮ የገባው ላይብረሪም (ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ኮድ) ስሙ ከዴቢያኑ ጋር አንድ ነው፦ ሊብጄፔግ.ኤስኦ.62። ከዚያ ወዲያ ጄፔግ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሁሉ ሳያውቀው የሞዝጄፔግን ላይብረሪ መጠቀም ጀመረ። ሞዝጄፔግ ደግሞ ካልነገሩት በቀር ፋይሉን ለማሳነስ ብዙ ስሌት ይሠራል። ለድረ ገጽ ይህ ደግ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰነድ ስካን ለሚያደርግ ሠራተኛ ግን መከራ ነው። ጥፋቱ ያለ ምክንያት በስካነሩ ተላከከ።

እውነቱ የወጣው የዴቢያኑን ላይብረሪ የያዘው ፓኬጅ፣ የሊብጄፔግ62-ተርቦ፣ አዲስ ዕትም መጥቶ አፕዴቱ መሀል ላይ ሲቆም ነው። ዲፒኬጂ -ኤስ የላይብረሪውን ባለቤት ሲጠየቅ በግድ የተጫነውን የሞዝጄፔግ ፓኬጅ ጠራ።

ጥገናው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሊብጄፔግ62-ተርቦንና ሲጄፔግ የተባለውን ፕሮግራም የያዘውን ሊብጄፔግ-ተርቦ-ፕሮግስን በአፕት-ጌት ዳውንሎድ ማውረድ፤ ከዚያ በግድ የገባውን ማጥፋት፤ ወዲያው የወረዱትን መጫን። ማውረዱ የሚቀድመው በመሀል ኔትወርክ ቢጠፋ ኮምፒውተሩ ያለ ጄፔግ ላይብረሪ እንዳይቀር ነው።

ፓኬጁ እንደገና ሲሠራ ኢኔብል_ሼርድ የተባለው ምርጫ ጠፍቶ ላይብረሪው ስታቲክ ሆነ (በፕሮግራሙ ውስጥ ተካተተ)፤ መድረሻው /ዩኤስአር/ሊብ/ሞዝጄፔግ ተደረገ፤ /ዩኤስአር/ቢን ውስጥ የቀረው ሞዝሲጄፔግ የሚባል ሊንክ ብቻ ነው። /ኦፕት ለራስ ኮምፒውተር ይሆናል፤ በዴቢያን ደንብ ለሚሠራ ፓኬጅ ግን ቦታው አይደለም።

ፓኬጅን ምንም ትርፍ በሌለበት ንጹሕ አካባቢ በሚሠራው ኤስቢልድ ሲሞከር ሌላም ጉድለት ተገኘ። ናዝም የተባለው አሰምብለር ከቢልድ-ዲፔንድስ (ለግንባታው ከሚያስፈልጉት ነገሮች) ዝርዝር ተረስቶ ነበር። ሲሜክ ያለ ናዝም አይወድቅም፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ያልፋል፣ ፕሮግራሙም ሲምድ የተባለው የፕሮሰሰር ማፋጠኛ ሳይኖረው ቀርፋፋ ሆኖ ይወጣል። ሪኳየር_ሲምድ የተባለው ምርጫ 1 ከተደረገ ግን ግንባታው ያኔውኑ ይቆማል፤ ስህተትን ከተጠቃሚ በፊት መያዝ ማለት ይህ ነው።

አሁን ፓኬጁ ከመሰራጨቱ በፊት ዲፒኬጂ-ዴብ -ሲ የሚያወጣው የፋይል ዝርዝር በዓይን ይነበባል። ሊብጄፔግ.ኤስኦ የሚል መስመር ከተገኘ ፓኬጁ ከቢሮው አይወጣም።