ከአንድ ዲኮደር ለአራት ስክሪን፦ ኤችዲሲፒ ምስል የሚያጠፋበት ምክንያትና መላው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ ካፌ ከአንድ ዲኮደር ለሦስት ቲቪና ለአንድ ፕሮጀክተር ምስል ዘርግቻለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ እንድትጠቀሙበት አሠራሩን እንዳለ ጽፌዋለሁ። የተጠቀምኩት ዕቃ ኤችዲ ዲኮደር፣ አንድ ገቢና አራት ወጪ ያለው የኤችዲኤምአይ ስፕሊተር (አንዱን ምስል ለብዙ ስክሪን የሚያከፋፍል ዕቃ)፣ ለቲቪዎቹ ከ3 እስከ 5 ሜትር ገመድ፣ ለፕሮጀክተሩ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ባለ 15 ሜትር ገመድ ነው።

ከዲኮደር በኤችዲኤምአይ ገመድ የሚያልፈው ምስል ብዙ ጊዜ እንዳይቀዳ የተቆለፈ ነው። የመቆለፊያው ስታንዳርድ ኤችዲሲፒ ይባላል፤ ያበጀው ኢንቴል ሲሆን የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ። በዚህ የመጀመሪያ ትውልድ እያንዳንዱ ዕቃ ባለ 56 ቢት 40 ቁልፎችና ባለ 40 ቢት መለያ ይዞ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። መለያው ውስጥ 20 አንድና 20 ዜሮ ካልተገኘ ዲኮደሩ ዕቃውን አይቀበለውም። የዲኮደሩና የስክሪኑ ንግግር የሚካሄደው በኤችዲኤምአይ ሶኬቱ ፒን (የመገናኛ ጥርስ) 15 እና 16 ነው። ከተግባቡ በኋላም አያበቃም፤ በየ128 ፍሬሙ (ፍሬም ቪዲዮው የተሠራበት አንድ ነጠላ ምስል ነው) አዲስ ቁጥር አውጥተው ያመሳክራሉ።

ይህች 128 ብልሽት ለመፈለግ በጣም ትጠቅማለች። በ50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ፍሬም) 2.6 ሴኮንድ፣ በ60 ኸርዝ 2.1 ሴኮንድ ገደማ ማለት ናት። ስለዚህ ምስሉ መጥቶ በየሁለት በየሦስት ሴኮንዱ እየጠፋ የሚመለስ ከሆነ ቲቪውን አትፍቱ፤ መጀመሪያ ገመዱንና የሶኬቱን ፒኖች እዩ። ደህና የሆነ ቦርድ በዚህ ምክንያት ብቻ "ተቃጥሏል" ተብሎ ሲቀየርና ባለንብረቱ በከንቱ ሲከፍል ማየት ያሳዝናል።

በካፌው የገጠመኝ ችግር ይህ ነበር፦ ፕሮጀክተሩ ላይ የዲኮደሩ ሜኑ ይታያል፣ ቻናል ሲከፈት ግን ይጨልማል። አንዳንድ ዲኮደር የሚቆልፈው ቻናሉን ብቻ ስለሆነ ይህ ምልክት ጥርት ያለ ነው፦ ምስሉ መንገድ አለው፣ ቁልፉ ግን አልተግባባም። በቴስተር በገመዱ ጫፍ ፒን 18ን ከፒን 17 ጋር ስትለኩ ከ4.7 እስከ 5.3 ቮልት ማግኘት አለባችሁ። ቮልቱ ደህና ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የገመዱ ርዝመት ነው። በረጅምና ቀጭን ገመድ የፒን 15 እና 16 ሲግናል ይዝላል፤ ዲኮደሩም መልሱን አበላሽቶ ያነበዋል። መፍትሔው ስፕሊተሩን ወደ መሀል ማምጣት ነበር፦ ከዲኮደር እስከ ስፕሊተር 5 ሜትር፣ ከዚያ እስከ ፕሮጀክተር 10 ሜትር። ለ10 ሜትሩ የሽቦ ቁጥሩ 24 የሆነ ገመድ ምረጡ። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፤ ገበያ ላይ የሚበዛው ባለ 30 ለዚህ ርቀት አይሆንም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለ። ስፕሊተሩ ከሥሩ ያሉትን ስክሪኖች መለያ ሰብስቦ ለዲኮደሩ የሚያቀርበው በ5 ሴኮንድ ውስጥ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲነሱ ፕሮጀክተሩ ገና እየተነሳ ስለሚሆን ርካሽ ስፕሊተር ግራ ይጋባል፣ ዲኮደሩም ምስሉን ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ ስክሪኖቹ መጀመሪያ፣ ስፕሊተሩ ቀጥሎ፣ ዲኮደሩ በመጨረሻ ነው። ዲኮደሩን ብቻ ለፍሪጅ በሚሸጠው፣ መብራት አዘግይቶ በሚለቅ መከላከያ ላይ ሰኩት፤ ሌሎቹ በዲቫይደሩ ላይ ይቆዩ። አስተናጋጆቹንም ጨዋታ መሀል አንዱን ቲቪ በሪሞት እንዳያጠፉ ንገሯቸው። አንዱ ሲጠፋ ስክሪን መሰካቱን የሚያሳውቀው ፒን 19 ላይ ያለው ቮልት ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ስፕሊተሩ ንግግሩን ከመጀመሪያው ይጀምርና ሁሉም ስክሪን ለጥቂት ሴኮንድ ይጨልማል። ጎል የሚገባው ደግሞ ያኔ ነው።

ቁልፉን ገፍፎ የሚያወጣ ስፕሊተር አምጣልን የሚሉ ደንበኞች አሉ። አላስገባም። በትክክለኛ ዕቃ የሚሠራውን ነገር በተከለከለ መንገድ መሥራት ለሙያውም ለደንበኛውም ጉዳት ነው። የቤት ክፍያ ለሕዝብ ማሳያ እንደማይሆን፣ ካፌ የንግድ ጥቅል እንደሚያስፈልገው ሳልናገር ሥራ አልጀምርም።

4ኬ ሲሆን ደንቡ ጠበቅ ይላል። የሚያስፈልገው ለኤችዲኤምአይ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤችዲሲፒ 2.2 ነው፤ በመሀል የቀድሞውን ኤችዲሲፒ 1.4 ብቻ የሚያውቅ አንድ ስፕሊተር ካለ ምስሉ ወይ ወደ 1080 ይወርዳል ወይ ጭራሽ አይመጣም። በመጀመሪያዎቹ 4ኬ ቲቪዎች ላይ 2.2 የሚቀበለው አንዳንዴ አንድ ፖርት ብቻ ስለሆነ "HDCP 2.2" የሚለውን ጽሑፍ ከፖርቱ ጎን ፈልጉ። ኮምቦልቻ ላይ "ባለ 4ኬ ቲቪዬ ለምን ይደበዝዛል?" ብለው ያስጠሩኝ ቤት ግን ችግሩ ገመዱ አልነበረም፤ አንድሮይድ ቦክሱ የዋይድቫይን (እንደ ኔትፍሊክስ ያሉት ቪዲዮአቸውን የሚቆልፉበት ሥርዓት) ደረጃው ዝቅተኛው ኤል 3 ነው፣ ኔትፍሊክስ ደግሞ ለኤል 3 ከ480 በላይ አይለቅም። ቦክስ ከመግዛታችሁ በፊት "ዲአርኤም ኢንፎ" የተባለውን አፕ ጭናችሁ ከፍተኛው ደረጃ ኤል 1 መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 4ኬ ስለዚህ ምንም አይናገርም።