ሞተሯ ለተቀየረ ላዳ ጭስ ማውጫ መሥራት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ላዳዬ በመጨረሻ ጭስ ማውጫ አገኘች። ባለፈው ያካፈልኳችሁ ከቶዮታ ላይትኤስ ሚኒባስ የወጣው 5ኬ የተባለው ሞተር ገብቶ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ተገጥሞ፣ ትራንስሚሽኑም (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) ቶርኖ ቤት አጥሮ እስከተመለሰበት ድረስ ነበር። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ተነስቷል፤ ግን ከማኒፎልዱ (የሲሊንደሮቹን ጭስ ሰብስቦ ወደ አንድ ቱቦ ከሚያስገባው ብረት) በታች ምንም ስላልነበረው ተክለሃይማኖት አካባቢ ያለው ጋራዥ ግቢ በሙሉ በድምፁ ይናወጥ ነበር። ከእናንተም ላዳ፣ ፊያት 124 ወይም ፔዦ 404 ላይ የቶዮታ ሞተር ለመግጠም የምታስቡ አላችሁና፣ ጭስ ማውጫው ላይ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጥ። ሞተር ስንቀይር ልባችን ሁሉ ሞተሩ ላይ ይሆንና ጭስ ማውጫውን ለመጨረሻ ቀን እንተወዋለን። እኔ ግን አሁን ከሞተሩ እኩል ሐሳብ የሚፈልግ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የሚወሰነው የቱቦው ስፋት ነው። ሶማሌ ተራ ስዞር ያነጋገርኳቸው ሻጮች ሁሉ ወደ ሰፊው ነበር የሚገፉኝ። "ሞተሩ አድጓል፣ ቱቦውም ማደግ አለበት" ብለው ባለ 63 ሚሊሜትር ቱቦ አውጥተው ያሳያሉ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። የላዳዋ የራሷ ሞተር 1,198 ሲሲ ነበር፤ 5ኬ ደግሞ 1,486 ሲሲ ነው። ነገር ግን እኛ የምንነዳው ባሕር ዳርቻ ላይ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሲሊንደሩ ቢሞላም የገባው አየር ክብደት ያንሳል፤ አብሮት የሚቃጠለው ቤንዚን ደግሞ በአየሩ ክብደት ልክ ነው። እስቲ 1,486ን በአንድ አምስተኛ ቀንሱት፤ 1,190 አካባቢ ይመጣል። እንግዲህ የእኔ 5ኬ ፒያሳ ላይ ሲሠራ የሚስበው አየር በክብደት ሲመዘን፣ የላዳዋ የፋብሪካ ሞተር በባሕር ጠረፍ ሲሠራ ከሚስበው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ውሳኔዬን ያቀለለችልኝ ይህች ሒሳብ ናት። የውጭ ስፋቱ 45 ሚሊሜትር፣ የብረቱ ውፍረት 1.5 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ያዝኩ። ሰፊው ቱቦ ለዚህ ሞተር የሚጨምርለት ነገር የለም፤ ከሥር ቦታ ይሻማል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ድምፁን ማፈን ይከብዳል፣ ወደ መሬት ስለሚወርድም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሁሉ ይልሰዋል። ድምፅ የምትወዱ ወንድሞቼ እንደማትስማሙ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትኩ ለምነዳት መኪና ጸጥታ ይሻለኛል።

ማኒፎልዱን ከቱቦ አዲስ እናሠራው የሚል ሐሳብም ቀርቦልኝ ነበር፤ አልተቀበልኩትም። በ5ኬ ላይ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በአንድ ወገን ተያይዘው የታሰሩ ናቸው። ከታች ያለው የጋለ ብረት ከላይ ያለውን ያሞቀዋል፤ በሐምሌ ጠዋት ብርድ ከካርቡሬተሩ የሚወርደው ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ከአየሩ ጋር የሚዋሐደው በዚህ ሙቀት ነው። ያንን አውጥቶ ጥሎ የሚያብረቀርቅ ቱቦ ማስገባት ጠዋት ጠዋት በሚያንገራግር ሞተር ያስከፍላል። የፋብሪካው ማኒፎልድ እንዳለ ይቆይ።

የማይሆነው ከሱ በታች ያለው ነው። ላይትኤስ ላይ ሞተሩ የሚቀመጠው ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ የሚወርደው ቱቦ የተቀረጸው ለዚያ ነው፤ የላዳዋ አሮጌ ቱቦም አፉ ሌላ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት ሌላ። ስለዚህ ፍላንጁን (ቱቦውን ከማኒፎልዱ አፍ ጋር በብሎን የሚያያይዘውን ጠፍጣፋ ብረት) አዲስ ማሠራት ግድ ሆነ። የተጠቀምንበትን ዘዴ ላሳያችሁ። ጠንከር ያለ ካርቶን ማኒፎልዱ አፍ ላይ ትጫኑና በግሪስ በተነካ አውራ ጣት ዙሪያውን ታሻላችሁ። የአፉ ጠርዝና የቀዳዳዎቹ ክብ ካርቶኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታተማል። ያንን ቆርጣችሁ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ላይ ታስቀምጡና በእርሳስ ትከተላላችሁ። ቀዳዳው በድሪል ይበሳል፤ መሐሉ ቶርኖ ቤት ይከፈታል። ሲበየድ በሙቀት እንዳይጣመም፣ ፍላንጁን ከሌላ ወፍራም ብረት ጋር በብሎን ጥብቅ አድርጎ አስሮ መበየድ፤ እስኪቀዘቅዝም አለመፍታት። ከዚያ ፊቱን እንደገና ቶርኖ ላይ ማስላጥ ነው። ጋስኬት (በሁለቱ ብረቶች መሐል የሚገባው ማሸጊያ) ሄዶ ሄዶ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ በዚህ በተጣመመ ፊት ምክንያት ነው። ዳዶዎቹን (ብሎኑ ላይ የሚጠብቁትን) ከነሐስ አድርጉ፤ የብረት ዳዶ በሙቀት ከብሎኑ ጋር ይጣበቅና ሲፈታ ብሎኑን ይዞት ይሰበራል።

ስለ ቱቦው ብረት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ምናለሽ ተራ አካባቢ ስትገዙ የውኃ ቱቦ በርካሽ ይቀርብላችኋል። ጋልቫናይዝድ ከሆነ አትንኩት። ላዩ ላይ ያለው ዚንክ ሲበየድ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ያንን የተነፈሰ በያጅ በዚያው ቀን ማታ እንደ ወባ በትኩሳትና በብርድ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ለጥቂት ብር ብሎ የሰውን ሳንባ መጉዳት አይገባም። ጥቁር ቱቦ ይሻላል፤ ከተገኘ አይዝጌ ብረትም አለ፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

ማጠፉ ላይ የበያጁ ልምድ ነው ያዳነኝ። በዕድሜ የገፉ፣ ከጣሊያን መኪኖች ጋር ያደጉ ሰው ናቸው። ቱቦው ሲታጠፍ ውስጡ እንዳይጨፈለቅ አሸዋ ይሞሉታል፤ ጫፍና ጫፉን በእንጨት ይደፍኑትና የሚታጠፈውን ቦታ በአሲቲሊን ቀይ እስኪሆን አግለው ቀስ ብለው ይጎትቱታል። አሸዋውን ከመሙላታቸው በፊት ላሜራ ላይ ዘርግተው በእሳት ሲያምሱት ቆየሁና፣ "ጋሼ፣ የደረቀ አሸዋ አይደል እንዴ?" አልኳቸው። "ልጄ፣ ዓይን የደረቀ ይለዋል እንጂ ውስጡ ውኃ አለ። ውኃው እንፋሎት ሲሆን ይህን እንጨት እንደ ጥይት ነው የሚያስወነጭፈው" አሉኝ። ሲጨርሱ ቱቦው ከታጠፈበት ቦታ እንኳ ክብነቱን አልለቀቀም፤ ጣቴን አዙሬ ስዳስሰው ጎድጎድ ያለ ነገር አልነበረውም። በማሽን ተጨፍልቆ የሚታጠፍ ቱቦ ከዚህ ሥራ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ፤ ቱቦውን የት እናስረው? ሞተሩ በጎማ ሱፖርት ላይ ስለተቀመጠ ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር ወደ ጎን ይንጋደዳል። ቱቦውን ከሻንሲው ጋር ደረቅ አድርጋችሁ ብታስሩት ያ እንቅስቃሴ በሙሉ የሚያርፈው ፍላንጁ ላይ ነው፤ ወይ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ወይ ማኒፎልዱ ይሰበራል። ብዙ ሰው ፍሌክሲብል (የሚተጣጠፍ የቱቦ ቁራጭ) ያስገባና ተገላገልኩ ይላል። ፍሌክሲብል ግን መታጠፍን እንጂ መጠምዘዝን አይችልም፤ በቁመት የተቀመጠ ሞተር ደግሞ ቱቦውን የሚጠመዝዘው ነው። መፍትሔው ያለው ላዳ ራሷ ላይ ነው። የፋብሪካው ሥራ የሚወርደውን ቱቦ ከካምቢዮው ጋር በቅንፍ ያስረዋል፤ ሞተር፣ ካምቢዮና ቱቦ አንድ አካል ሆነው አብረው ይንቀሳቀሳሉ። እኔም 5ኬ ካምቢዮ ላይ ተመሳሳይ ቅንፍ አሠራሁ። ፍሌክሲብሉ ከቅንፉ በኋላ ነው የገባው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ሁሉ በጎማ ተንጠልጥሏል። ጎማዎቹን ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ አስቆረጥኳቸው፤ ውስጡ ክር ያለበት ስለሆነ አይበጠስም።

ቱቦው በጎማ መንጠልጠሉ ለሌላም ይጠቅማል። ብረት ሲግል ይረዝማል። ሦስት ሜትር ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር 11 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አይዝጌ ብረት ከሆነ 15 ሚሊሜትር ይደርሳል። ቀዝቃዛ ሳለ ከወለሉ ጋር ለጥቂት የተላለፈ ቱቦ ሲግል ይነካዋል፤ ያ ነው ከሥር የሚሰማው "ጠክ ጠክ"። ስለዚህ በሁሉም ቦታ ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተውን።

ከኋላ ቱቦው በዲፈረንሻሉ ላይ ይሻገራል። እዚህ ጋ መኪናዋን ክሪክ ላይ ሰቅሎ መለካት ብቻ አይበቃም፤ ዲፈረንሻሉ ተንጠልጥሎ ሲወርድ ያለው ክፍተትና አምስት ሰው ተጭኖ ሞላዎቹ ሲተኙ ያለው ክፍተት ፍጹም አይገናኙም። ግቢው ውስጥ የነበሩትን ልጆች ለምነን ከኋላ አስቀመጥናቸው፤ ፖርቶ ባጋሊዮውንም በአሸዋ ከረጢት ሞልተን ከሥር በባትሪ መብራት አየን። ላዳ ላይ ዲፈረንሻሉን ወደ ጎን የሚይዝ አንድ ረጅም ዘንግ አለ፤ እሱም ሲወጣና ሲወርድ ቦታ ይጠርጋል። የነዳጅ ታንኩ በቀኝ በኩል ስለሆነ የቱቦውን ጅራት ወደ ግራ አወጣነው።

ብየዳውን በተመለከተ፣ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር በነጥብ ብየዳ ብቻ ነበር የተያያዘው። ይህን ትዕግሥት አደራ እላችኋለሁ። በነጥብ የተያያዘ በመዶሻ ይስተካከላል፤ ሙሉ ለሙሉ የተበየደ ግን በግራይንደር ካልሆነ አይነቃነቅም። ከመበየድ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት፣ አለበለዚያ የዲናሞው ዳዮዶች ይሄዳሉ፤ ታንኩ አጠገብ የሚበየደውን ደግሞ ቱቦውን አውርዶ ውጭ መሥራት።

ማርሚታው (የድምፅ ማፈኛው ሳጥን) ራሱ ውስጡ ቀዳዳ ያለው ቱቦና ክፍልፋይ ያለው የአገር ውስጥ ሥራ ነው። ዝቅተኛው ቦታ ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ አስበሳሁበት። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይወጣዋል። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ያንን በእንፋሎት ያስወጣዋል፤ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ደርሶ የሚቆም መኪና ግን ማርሚታው ሳይግል ስለሚጠፋ ውኃው እዚያው ተጠራቅሞ ከውስጥ ያዝገዋል። የከተማ ማርሚታ ቶሎ የሚበሰብሰው በዚህ ነው።

መጨረሻ ላይ የጭስ መፍሰስ ፍተሻ። ሞተሩን አስነስቶ የቱቦውን ጅራት በእርጥብ ጨርቅ ለአፍታ መያዝ፤ የሚያፈስ ቦታ ካለ "ጽስ" ይላል። መጋጠሚያዎቹ ሳይግሉ የሳሙና ውኃ ብትቀቡ አረፋው ቦታውን ያሳያችኋል። ይህን እንደ ቀላል አትዩት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የአሮጌ መኪና ወለል ደግሞ የጎማ ክዳናቸው የጠፋ ቀዳዳዎች ይበዙበታል። የላዳዬን ወለል ምንጣፉን ገልጬ ቀዳዳውን ሁሉ ዘግቻለሁ፤ የቱቦውም ጅራት ከፓራውልቱ አልፎ እንዲወጣ አድርጌያለሁ፤ ከሥር ከቀረ ጭሱ በኋላ መስኮት ተስቦ ይገባል።

ሙከራው ከለገሃር ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ነበር። በሦስተኛ ማርሽ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳታንገራግር ወጣች፤ ከሥር የሚነካካ ነገር የለም፤ ውስጥ ሆኖ በተለመደ ድምፅ ማውራት ይቻላል። ከኋላ የነበረው ታክሲ ሾፌር መብራት ላይ ሲደርስብኝ አንገቱን አውጥቶ፣ "ወንድሜ፣ ይቺ ላዳ ምን አጉርሰሃት ነው?" አለኝ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

ካንዴላዎቹን (ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚጭሩትን) ፈትቼ ሳይ ግን ጥላሸት ይዘዋል። ካርቡሬተሩ የተለካው ለዝቅተኛ ቦታ ወፍራም አየር ስለሆነ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ቀጣዩ ሥራዬ አነስ ያለ ጂግለር (ቀዳዳው የቤንዚኑን መጠን የሚወስን የካርቡሬተር ክፍል) ፈልጎ ካንዴላው ቡናማ እስኪሆን ማስተካከል ነው። ከዚያ የሞተር ቁጥሩን ሊብሬው ላይ ማስቀየርና ለቦሎ ምርመራ ማቅረብ ይቀራል። ከእናንተ 5ኬ ላይ ለአዲስ አበባ ከፍታ የሚስማማውን የጂግለር ቁጥር ሞክሮ ያገኘ ካለ ይንገረኝ፤ እኔም የፍላንጁን ካርቶን ልክ አስቀምጬዋለሁና የሚፈልግ መጥቶ መገልበጥ ይችላል።