ትራክ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሃርሞኒካ እንዴት እንደለመድኩ

እዚህ አሜሪካ ትራክ የምትነዱ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ ከመንዳቱ ይበልጥ ሰው የሚያደክመው መጠበቁ ነው። ዌርሃውስ ትደርሳለህ፣ የዶክ፣ የዕቃ መጫኛና ማራገፊያው በር ማለት ነው፣ ቁጥር ይሰጡሃል፣ ትሬለሩን አስጠግተህ ቁጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ሶስት ሰዓት፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን፣ ስልክህን ታያለህ እሱም ይሰለችሃል። 11 ሰዓት ከነዳህ ደግሞ ሕጉ ነውና 10 ሰዓት ማረፍ የግድ ነው፣ ሁሉንም አትተኛውም። እኔ ያን ሰዓት ለሃርሞኒካ ሰጠሁት፣ አሁን ዶክ ላይ ሲያቆዩኝ ደስ ይለኛል ብላችሁ አታምኑኝም፣ ግን ከልቤ ነው።

ክራር ብሞክር ካቢን ውስጥ ክንድ መዘርጊያ የለም፣ ጊታር አልጋውን ይይዛል። ሃርሞኒካ ሸሚዝ ኪስ ትገባለች፣ ልቃኝሽ አትልም፣ አውጥተህ መንፋት ብቻ። እና በጣም የምወደው ነገር፣ አየር ስትነፋም ስትስብም ትዘፍናለች፣ ዋሽንት እኮ ብትስበው ዝም ነው። ደግሞ ለጀማሪ እንደሷ ቸር የሆነ መሳሪያ የለም፣ ሲ ኪይ፣ ማለትም በሲ ድምፅ የተቃኘች፣ ሃርሞኒካ ላይ ወደ ውጭ የሚነፉት ድምፆች ሶስት ብቻ ናቸው፣ እነሱ ናቸው እስከላይ የሚደጋገሙት፣ ስለዚህ የትም አፍህን አስቀምጠህ ብትነፋ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። በመጀመሪያው ቀን ራሱ ሙዚቃ የሚመስል ነገር ይወጣል፣ ማሲንቆ ይዞ በመጀመሪያው ቀን ይሄን ያገኘ ሰው እስቲ አሳዩኝ።

መግዛቱን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ባለ 10 ቀዳዳ፣ ዳያቶኒክ የሚባለው ዓይነት፣ ሲ ኪይ፣ በቃ። አሻንጉሊት መሃል የምትሸጠዋን ርካሿን ተዉአት፣ አየር ስለምታፈስ ጉንጭ ነው የምታደክመው። እኔ የያዝኩት ሆህነር ስፔሻል 20 ነው፣ ሆህነር ጀርመን ትሮሲንገን በፈረንጅ ከ1857 ጀምሮ ሃርሞኒካ የሚሰራ ፋብሪካ ነው፣ ስመ ጥሩው ሞዴሉ ማሪን ባንድ ራሱ ከ1896 ጀምሮ አለ። የድሮዎቹ ማሪን ባንድ ግን መሃላቸው እንጨት ስለሆነ በምራቅ ያብጣል ከንፈርም ይቧጥጣል፣ ስፔሻል 20 ፕላስቲክ ነው፣ ለጀማሪ እሱ ይሻላል።

አንድ ድምፅ ለይቶ ማውጣት ነው መጀመሪያ የሚለመደው። ከንፈርህን ለፉጨት እንደምታደርገው አሹል፣ ግን ሃርሞኒካውን በጥርስህ ጫፍ አትያዘው፣ ወደ አፍህ ጠልቆ ይግባ፣ ትንፋሹም ከሆድ ይምጣ። ጭንቅላት ዞር ዞር ካለህ አስቀምጠህ ውሃ ጠጣ፣ ብዙ አየር ስለተንቀሳቀሰ ነው።

አሁን ወደ ጣፋጩ ነገር ልምጣ። ዩቲዩብ ላይ ያገኘኋቸው ትምህርቶች በሙሉ የፈረንጅ ዘፈን ናቸው፣ እኔ ግን ትዝታ ነበር የፈለግኩት፣ ስለዚህ የቅኝቶቹን ድምፅ በስልኬ ኪቦርድ አፕ እያወጣሁ አንድ በአንድ ከቀዳዳዎቹ ጋር አገናኘኋቸው። እና ምን ባገኝ ጥሩ ነው፣ ትዝታ ሜጀር ምንም ሳይጎድለው እዚያው ቁጭ ብሏል! ቁጥሩ የቀዳዳው ነው፣ ንፋ ወደ ውጭ፣ ሳብ ወደ ውስጥ፦ 4 ንፋ፣ 4 ሳብ፣ 5 ንፋ፣ 6 ንፋ፣ 6 ሳብ፣ 7 ንፋ። 5 ሳብን እና 7 ሳብን ብቻ ዝለላቸው፣ ከዛ ወደላይ ወደታች ሂድበት፣ በቃ ትዝታ ነው። ከ4 እስከ 7 ያለው መንደር ሙሉ ስለሆነ እዚያ ጀምሩ፣ ታች 1 2 3 ላይ የሚጎድሉ ድምፆች አሉ።

ባቲ ማይነር ከ4 ሳብ ይነሳል፦ 4 ሳብ፣ 5 ሳብ፣ 6 ንፋ፣ 6 ሳብ፣ 7 ንፋ፣ 8 ሳብ። አብዛኛው ወደ ውስጥ ስለሆነ ድምፁ ራሱ ሆድ ያባባል። አምባሰል ደግሞ፦ 5 ንፋ፣ 5 ሳብ፣ 6 ሳብ፣ 7 ሳብ፣ 7 ንፋ፣ 8 ንፋ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ እስከ 6 ድረስ የምትስበው ከምትነፋው ይቀጥናል፣ 7 ላይ ሲደርስ ይገለበጥና የምትነፋው ነው የሚቀጥነው፣ ለዛ ነው 7 ላይ ሳብ ቀድሞ ንፋ የሚከተለው። ይሄን ያልነገሩት ሰው አምባሰል ላይ ይጠፋበታል።

እናቴ ያለችው ደሴ ነው። አምባሰሉ እጄ ላይ የገባ ሰሞን ደወልኩላትና ምንም ሳልናገር ነፋሁላት፣ ስልኩ ዝም አለ፣ ከዛ "አንተ፣ ዋሽንተኛ አሜሪካም አለ እንዴ?" አለች። እኔ ነኝ እማዬ ስላት እልልታዋን ለቀቀችው፣ ቀጥላ "ቆይ ቆይ እንዳትዘጋው" ብላ ስልኩን ይዛ ጎረቤት ሄደች፣ እነሱም ቡና ላይ ነበሩ፣ እስከ ሁለተኛው ጀበና በስልክ ነፋሁላቸው። አሁን ስደውል ሰላምታው ራሱ አጥሯል፣ "ደህና ነህ የኔ ዓለም? በል እስቲ ያችን" ነው።

ልጄ ግን ከቅኝቱም ከምኑም ባቡሩን ነው የምትወደው። 1 2 3ን አንድ ላይ አፍህ ውስጥ ታስገባና ሁለቴ ሳብ ሁለቴ ንፋ፣ ሳብ ሳብ ንፋ ንፋ፣ መጀመሪያ በቀስታ ከዛ እያፈጠንክ፣ መሃል ላይ 4 እና 5ን አንድ ላይ ረዘም አድርገህ ስትስብ ፊሽካው ይሆናል። ዳላስ ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ "አባዬ ባቡር!" ነው፣ እሷ ሳሎኑን እየዞረች እኔ እየነፋሁ፣ ባለቤቴ እራት ካላቀረበች ባቡሩ አይቆምም።

ቤንድ ማድረግን፣ ድምፅን አጎንብሶ ዝቅ ማድረግ ማለት ነው፣ ያሳየኝ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ነው፣ ሜምፊስ አጠገብ ትራክ ስቶፕ ላይ። ትዝታ ስነፋ መስኮቴን አንኳኳ፣ ጫጫታ ረበሸው ብዬ ይቅርታ ልጠይቀው ስል ከኪሱ የራሱን ሃርሞኒካ አወጣ። ብሉዝ የሚጫወቱት የሲውን ሃርሞኒካ በጂ ኪይ ነው፣ ማረፊያቸው 2 ሳብ ላይ ነው፣ እሷን ሽማግሌው ሲያጎነብሳት የራሱ ውሻ ከካቢኑ ሆኖ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ አብሮት ጮኸ፣ ሰውየው ሳይስቅ እስኪጨርስ ጠብቆ ውሻውን አመሰገነው። የብሉዙን ሃርሞኒካ ተጫዋች ሊትል ዋልተርን ስማ አለኝ፣ ቺካጎ በፈረንጅ 1950ዎቹ ማይክና ሃርሞኒካ አንድ ላይ በመዳፉ ይዞ በአምፕሊፋየር የነፋውን፣ ሰማሁት፣ እናንተም ስሙት። ቤንዱ እንዲህ ነው፦ አየር እየሳብክ ምላስህ "ኢ" ከሚልበት ወደ "ዩ" ይሂድ፣ ኢዩኤል ብለህ ልትጠራ ጀምረህ "ኤል"ን እንደመተው። ከንፈር አይነካካም፣ ሥራው የምላስ ነው።

ያ ቤንድ ነው አንቺሆዬን የከፈተልኝ። ሶስቱ ቅኝቶች ያለ ምንም ቤንድ ይወጣሉ፣ አንቺሆዬ ግን አንድ ድምፅ ይጎድላታል፣ እሷም 6 ሳብን ግማሽ ዝቅ ስታደርጋት ትገኛለች። 3 ሳብ፣ 4 ንፋ፣ 5 ንፋ፣ 5 ሳብ፣ 6 ሳብ ተጎንብሳ፣ 7 ሳብ። 6 ላይ ቤንዱ ከግማሽ በላይ አይወርድም፣ ያ ደግሞ ጥሩ ነው፣ እስከ ታች ካወረድካት ልክ ቦታዋ ላይ ታርፋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣልኝ ብቻዬን ካቢን ውስጥ እስክስታ መታሁ፣ ዶኩ ላይ ፎርክሊፍት የሚነዳው ልጅ አይቶኝ እሱም ትከሻውን ነቀነቀልኝ።

አያያዟን ደግሞ እወቁ። እኛ ሹፌሮች ቆሎ ከእጃችን አይጠፋም፣ ቆሎ በልቶ መንፋት ግን ክልክል፣ የገብስ ፍርፋሪ ውስጥ ያለችው ቀጭን የነሐስ ምላስ ላይ ከተቀመጠች ያ ድምፅ ይዘጋል፣ አፍህን ተጉመጥመጥ። ነፍተህ ስትጨርስ ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርገህ መዳፍህ ላይ መታ መታ አድርጋት፣ ምራቁ ይውጣ። ክረምት ላይ ከቀዘቀዘች ውስጧ እርጥበት ይይዛል፣ የውስጥ ኪስ ወይ መዳፍህ ውስጥ አሙቃት። እየነዱ መንፋት ደግሞ በፍጹም፣ ሁለት እጅ ትፈልጋለች።

ትንሽነቷ እኮ ነው ሁሉም ቦታ ያስገባት፣ ጠፈር እንኳን ገብታለች፣ ታኅሣሥ ወር 1965 በፈረንጅ ጄሚናይ 6 በምትባል መንኮራኩር ላይ ጠፈርተኞቹ ዋሊ ሺራ እና ቶም ስታፎርድ ትንንሽ ደወልና ሃርሞኒካ ይዘው ወጥተው ምድር ላሉት የገና ዘፈን ተጫወቱላቸው፣ ጠፈር ላይ የመጀመሪያው የሙዚቃ መሳሪያ ማለት ነው፣ ሃርሞኒካዋ ዛሬ አሜሪካ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ነው ያለችው። ይሄን ለልጄ ከነገርኳት ወዲህ ባቡሩ ወደ ጨረቃ ነው የሚሄደው።

አሁን ቅዳሜ ቤት ከሆንኩ አንድ ክራር የሚጫወት ወዳጄ ይመጣል፣ የሃርሞኒካዬ ቅኝት ፋብሪካ ላይ የተቆረጠ ስለሆነ እሱ ነው ክራሩን ወደኔ የሚቃኘው፣ ቡናው እስኪፈላ ባቲ ላይ እንቆያለን። ሲ ላይ ሲዘፍን ግን ለድምፁ ከፍ ይልበታል፣ ስለዚህ ቀጥሎ የምገዛው ኤ ኪይ ነው። ቁጥሮቹን እንደ አዲስ ማጥናት የለም፣ ኤውም ላይ ትዝታ ከ4 ንፋ ነው የሚነሳው።