አበባን ለወግ ያበቃው ቅጠሉ ነው

ጥድ አበባ የለውም። ዝግባም የለውም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከጎናቸው የሚቆሙት ወይራና ኮሶ ግን አላቸው። ጤፍ፣ ቡና፣ እንሰት፣ ባሕር ዛፍ ሳይቀር ሁሉም ያብባሉ። ዛሬ ዓለም ላይ አበባ የሚያወጡ ዝርያዎች ወደ 300,000 ይጠጋሉ፤ አበባ ሳይኖራቸው ዘር የሚሰጡት እነ ጥድ ግን 1,000 ገደማ ቢሆኑ ነው። ድሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በጁራሲክ ዘመን፣ ዳይኖሰሮች በገነኑበት ጊዜ፣ ምድሩን ይዘውት የነበሩት የጥድ ዘመዶችና ፈርኖች (አበባም ዘርም የሌላቸው ተክሎች) ናቸው።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ዳርዊንም ግራ ገብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 ለወዳጁ ለዕፅዋት ተመራማሪው ለጆሴፍ ሁከር ሲጽፍ «አስጸያፊ ምስጢር» ብሎታል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ዝግመተ ለውጥ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው ሲል ኖሮ፣ ዓለቱ ውስጥ የቀረው ቅሪተ አካል ሲታይ ግን የአበባ ተክሎች ድንገት ዱብ ያሉ ይመስላሉ። ቢበሳጭ አይፈረድበትም።

ብዙ ሰው መልሱን ከአበባው ውበት ይጀምራል፤ ቀለሙ፣ ሽታው፣ ንቡ። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን አበቦች ሳይ ይሄ ብዙም አይዋጥልኝም። ስፔን ውስጥ የተገኘችው ሞንትሴኪያ 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናታል፣ ውኃ ውስጥ የምትኖር ናት፣ ለዓይን የሚሞላ አበባ የላትም። የቻይናዋ አርኬፍሩክተስም (125 ሚሊዮን ገደማ) አንድም የአበባ ቅጠል የላትም። ፖርቱጋል ውስጥ ደግሞ በጥንት ሰደድ እሳት ከሰል ሆነው የቀሩ አበቦች ተገኝተዋል፤ መጠናቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ያለ ማይክሮስኮፕ ልብ አትሏቸውም። ነፍሳት አላገዙም አልልም፣ በጣም አግዘዋል። ግን ያቺ ሚጢጢ አበባ ብቻዋን ጫካ አትወርስም።

ወደ ቅጠሉ እንምጣ። አንድ ቅጠል ገልብጣችሁ ለብርሃን ብትይዙት የጅማቶቹን መረብ ታያላችሁ። እሱ የውኃ መስመር ነው። አበባ በሌላቸው ተክሎች በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ውስጥ ያለው የጅማት ርዝመት በአማካይ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ አበባ ባላቸው ግን 8 ይደርሳል፣ ከ20 የሚያልፉም አሉ። ተክል ምግቡን ለመሥራት አየር ማስገባት አለበት፣ አየር ለማስገባት ቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች መክፈት አለበት፣ ሲከፍት ደግሞ ውኃው ይተናል፤ ስለዚህ የፈጠነ አቅርቦት ያለው ብዙ ይከፍታል፣ ብዙ ያመርታል። አየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልቶ በነበረ ጊዜ ይሄ ያን ያህል አያስጨንቅም። ከጁራሲክ ቀጥሎ በመጣው በክሪቴሽየስ ዘመን ግን መጠኑ እየወረደ ሄደ፣ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ መክፈት ግድ ሆነ፣ እነ ጥድ በቀጭኗ መስመራቸው ሲንቀራፈፉ ጅማተ ብዙዎቹ ቀደሟቸው።

ይሄን ሁሉ ጅማት ቅጠል ውስጥ ለማጨቅ ሴሎቹ ማነስ አለባቸው። ሴል እንዲያንስ ደግሞ ውስጡ ያለው ዲኤንኤ መቀነስ አለበት። ሲሞኒን እና ሮዲ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ይሄንኑ ነው የሚያሳየው፤ የአበባ ተክሎች በክሪቴሽየስ ጂኖማቸውን፣ ማለትም ጠቅላላ ዲኤንኤያቸውን፣ አሳንሰዋል። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ቆንጆው ክፍል ይሄ ነው።

ከአበባ ተክሎች ሁሉ ቀድማ ከዘመዶቿ የተለየችው አምቦሬላ ዛሬም በሕይወት አለች። ኒው ካሌዶንያ ደሴት ላይ፣ እርጥብ ጫካ ውስጥ፣ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ትበቅላለች። ጅማቷ ገና ሳሳ ያለ ነው፤ ሌሎቹ የአበባ ተክሎች ውኃ የሚያመላልሱበት ሰፊው ቱቦም የላትም። አበባ አላት፣ ግን ዓለምን አልወረሰችም።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ውኃ የሚተንበት ቅጠል ዝናብ ይጠራል። ቦይስ እና ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች የአማዞን አበባማ ዛፎች አበባ በሌላቸው ቢተኩ ምን ይሆናል ብለው በኮምፒውተር ሲያሰሉ፣ አካባቢው ሞቃትና ደረቅ ሆኖ ነው ያገኙት። ማለትም የአየር ንብረቱ ተክሎቹን ለወጠ፣ እነሱ ደግሞ በተራቸው ዝናቡን።

ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሜክሲኮ ላይ ያ ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ግዙፍ አለት ከጠፈር ወደቀ። የኮሎምቢያ ቅሪተ አካላት እንደሚያሳዩት ከዚያ በፊት የነበረው ደን ገላጣ ነበር፤ ጥድ መሰሎችና ፈርኖችም ነበሩበት። ብዙ ዝርያ ጠፋ። ለማገገም 6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፈጀ፣ ሲያገግም ግን አናቱ የተገጠመ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ በአበባ ተክሎች የተያዘ ደን ሆነ፤ የባቄላና የግራር ወገንም ያኔ በዛ። እኛም ሩቅ አይደለንም፤ ጎንደር አካባቢ፣ ጭልጋ ላይ፣ ከ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ደን ቅሪት ተገኝቷል፣ ዘንባባም አለበት።